ሚስማር ተሸክሜ ወደ ባሕር የወረድኩበት ጉዞ

ሰኞ ጠዋት፣ ጆሃንስበርግ

ከቤት የወጣሁት አሥራ አራት ኪሎ ሚስማር ተሸክሜ ነው። ሌላው ጓዜ ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ሹራብ፣ መዶሻዬ፣ የእጅ መሰርሰሪያዬና ልጄ ማርታ የጠቀለለችልኝ ዳቦ ነበር። መንገደኛ ይህን ያህል ብረት ምን ያደርግለታል የምትሉ ካላችሁ፣ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ያለዚያ ያን ሁሉ ቀን ምን ሲያስፈራኝ እንደሰነበተ አይገባችሁም።

ኤርሱሞ እባላለሁ። የሆሳዕና አካባቢ ሰው ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስለሆነ ጽሑፌ ሻካራ ነው። ብታርሙኝ አልቀየምም። ድሮ እቀየም ነበር።

ሥራዬ እንጨት ነው። ጄፒ የሚባል የጆሃንስበርግ ሰፈር ባለው ወርክሾፕ አልጋ፣ ቁምሣጥንና የሱቅ መደርደሪያ እሠራለሁ። አልቤርቶ የሚባል ሞዛምቢካዊ አሥር ዓመት አብሮኝ ሠርቷል። እኔን የሚጠራኝ «ማዳላ» እያለ ነው፤ በዙሉ «ሽማግሌው» እንደማለት ነው። እሱም እኔም ዙሉ አይደለንም፤ የምንግባባው ግን ከደንበኛ በለቀምነው ዙሉ ነው። የዓለም ዋንጫው ካለፈ በኋላ ሥራው ሲቀዘቅዝ አልቤርቶ ዕቃውን ጠቅልሎ አገሩ ገባ። አባቱም አያቱም በባሕር ዳር የእንጨት ጀልባ የሚሠሩ ነበሩ። ሞተር የሌለው፣ በሸራና በነፋስ የሚሄድ የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ነው። እሱም ለራሱና ለልጁ ለኔሎ አንድ ሊሠራ ነው የሄደው።

ያለፈው ፋሲካ ሰሞን ደወለ። «ማዳላ፣ እዚህ ጥሩ ሚስማር አጣሁ። ከዚያ ግዛልኝ። ግራጫውን፣ ሻካራውን፣ በዚንክ የተነከረውን። የሚያብለጨልጨውን እንዳትገዛ» አለኝ። ሁለት ጊዜ ደገመልኝ።

«ለኔ ስለ ሚስማር ትነግረኛለህ?» ብዬ ቆጣ አልኩበት።

ሱቅ ገብቼ ሁለቱንም አየሁ። ግራጫው ወዙ የጠፋ፣ ከእሳት የወጣ የሚመስል፣ ዋጋውም እጥፍ። አብለጭላጩ ለስላሳ፣ ቀጥ ያለ፣ እጅ ላይ ደስ የሚል። ሠላሳ ዓመት ሚስማር የመታሁ ሰው ነኝ። ባሕር ግን በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። አብለጭላጩን ገዛሁና በአውቶቡስ ላክሁለት። ደረሰኝ፣ አመሰግናለሁ አለ። ሌላ ምንም አላለም።

ከዚያ ሚስማር ጥቂት ተርፎኝ ነበር። ጻካኔ በሚባል ሰፈር ሱቅ ላለው ለአገሬ ልጅ ለላምቤቦ፣ ሻካራ ጨው በኩባያ እየሰፈረ የሚሸጥበት ሣጥን ሠራሁለት። ሰባት ወር ቆይቶ ጠራኝ። «ጋሼ፣ ይምጡና ጉድዎን ይዩ» አለ። ብሄድ፣ ሣጥኑን ሊያነሣ ሲል ጎኑ እጁ ላይ ቀርቷል፤ ጨው ወለሉን ሞልቶታል።

«ጋሼ፣ ሚስማርዎ ከጥርስዎ ቀድሞ ረገፈ!» ብሎ ሳቀብኝ።

እኔ አልሳቅሁም። አንዱን ሚስማር አነሣሁት። መሃሉ ተበልቶ መርፌ አክሏል። በሁለት ጣቴ ሰበርኩት። ይህ እንግዲህ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ጨው ነው። ባሕር ውስጥስ? የጨው ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ላምቤቦም ሳቁን አቆመ።

አልቤርቶ ጋ ደወልን፤ ዝግ ነው። የሚኖረው ደሴት ላይ ነው፤ ስልኩን ቻርጅ የሚያደርገው ወደ ከተማ ሲሻገር ብቻ ነው። ማርታ መልእክት ጻፈችለት። እኔ ግራጫውን ሚስማር ገዝቼ ራሴ ልወስድለት ተነሣሁ። ቪዛ እስኪወጣልኝ ስድስት ቀን ፈጀ፤ በስድስቱም ቀን ስልኩ ዝግ ነበር።

«አባዬ፣ መልእክት ልከንለታል እኮ። ሲከፍት ያየዋል» አለችኝ ማርታ።

«የሚከፍተው ሰው ካልኖረስ?» አልኳት።

ማርታ እዚሁ ያደገች፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። እሷን የሚያስፈራት ሌላ ነው። የጉዞ ሰነዴ የስደተኛ ነው። «ስትመለስ ጠረፍ ላይ አናስገባም ቢሉህስ?» ትላለች። እኔም ፈርቻለሁ፤ ለሷ ግን አልነገርኳትም። ስንወጣ የቤቱን በር እንደ ልማዷ በእግሯ ገፍታ፣ በትከሻዋ ደግፋ ዘጋችው።

አውቶቡሱ የተነሣው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ረዳቱ ሻንጣዬን ሊያነሣ ሲል ወገቡን ያዘ።

«ማዳላ፣ ምንድነው ያለበት?»

«ሚስማር።»

«የማንን የሬሳ ሣጥን ልትመታ ነው?»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን በዚያ ፀሐይ በረደኝ።

ሰኞ ከሰዓት፣ ጠረፉ

መንገዱ መጀመሪያ ሜዳ ነው፤ በቆሎና የድንጋይ ከሰል ጭስ። ኔልስፕሩትን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ መጣ፤ የብርቱካን እርሻና ሸንኮራ ግራ ቀኙን ይዞታል። አጠገቤ የተቀመጠችው ከጆሃንስበርግ ሽንኩርት አመላልሳ የምትሸጥ ሞዛምቢካዊት ናት። እንቅልፏን ለጥ ብላ ትተኛለች። እኔ ዓይኔን አልከደንኩም።

በደቡብ አፍሪካ በኩል ያለው ሹም ሰነዴን አገላብጦ አየ። «ትመለሳለህ?» አለኝ። «ቤቴ እዚህ ነው» አልኩት። ማኅተሙን መታ። ይህን «ትመለሳለህ»ን ግን ሦስት ቀን ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ይዤው ሄድኩ።

በሞዛምቢክ በኩል ሻንጣ አስከፈቱን። ወጣቱ ፖሊስ ሚስማሩን ሲያይ ቅንድቡን ሰቀለ። ባለ ሽንኩርቷ አስተረጎመችልኝ፤ ለጀልባ ነው፣ ለወዳጁ ነው አለችው። ልጁ አንድ ሚስማር አነሣ፣ በቁልፉ ጫፍ ጫር ጫር አደረገው፣ አንድ ነገር ብሎ መለሰው።

«ምን አለ?» አልኳት።

«ጥሩ ነው፣ የባሕር ሚስማር ነው አለ።»

የጠረፍ ጠባቂ የሚያውቀውን እኔ ሳላውቀው! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሻንጣዬን ዘግቼ ወጣሁ።

ማፑቶ የገባነው ሊመሽ ሲል ነው። አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ አንድ ክፍል ተከራየሁ። በአምስት ሜቲካል፣ በአገሩ ገንዘብ፣ ዳቦ ገዝቼ፣ ዳቦው ውስጥ ከባቄላ ዱቄት የተጠበሰ ትኩስ ነገር ከትተውልኝ፣ ያን በላሁ። ጥሩ ምግብ ነው፤ እኔ ግን ግማሹን ተውኩት።

ማክሰኞ፣ ወደ ሰሜን

አውቶቡሱ ጎህ ሲቀድ ወጣ። ቀኑን ሙሉ መንገድ ነው። ሊምፖፖ የሚባለውን ወንዝ ተሻገርን፤ ሰፊ፣ ጭቃማ፣ ረጋ ያለ ነው። ከዚያ ወዲያ የኮኮናት ዛፍ ማለቂያ የለውም። እኛ አገር ቤት በእንሰት እንደሚከበበው፣ እዚህ ቤቱ ሁሉ በኮኮናት ተከቧል። አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር ሴቶች የተቆላ ካሹ በላስቲክ ይዘው በመስኮት ይመጣሉ። አንድ ገዛሁና ቀኑን በሱ ዋልኩ።

ማሺሼ የምትባል ከተማ ስንደርስ መንገዱ ወደ ቀኝ ታጠፈና ባሕሩ ብቅ አለ። ምን ልበላችሁ። ውሃው ቆሞ አይደለም ያለው፤ ይተነፍሳል። ሰማይና ውሃው የሚለያዩበት ቦታ የለም። ማዶ ወዳለችው ከተማ ሰው በሸራ ጀልባ ይሻገራል። ጀልባዎቹ ጎናቸው ከውሃው እምብዛም ከፍ አይልም። ሦስት ማዕዘን ሸራቸው በነፋስ ሲነፋ ለተመልካች ያምራል። እኔ ግን በየአንዳንዱ ውስጥ ስንት ሚስማር እንዳለ ነበር የማስበው። አንዲት እናት ሕፃን ታቅፋ ጀልባው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ስትስቅ አይቼ ፊቴን መለስኩ።

አልቤርቶ ከደሴቱ የሚሻገርባት ከተማ፣ ቪላንኩሎ የደረስነው ፀሐይ ስትገባ ነው። ወደ ባሕሩ አልወረድኩም። ማደሪያ ይዤ ተኛሁ። ተኛሁ ማለቴ ጋደም አልኩ።

ረቡዕ፣ ቪላንኩሎ፣ ባሕር ዳር

ጠዋት ብወርድ ባሕሩ የለም! እውነቴን ነው። ውሃው ሸሽቶ እስከ ሩቅ ድረስ አሸዋ ሆኗል። ጀልባዎቹ በጎናቸው ጋደም ብለዋል፤ የታረደ በሬ ይመስላሉ። በቀን ሁለት ጊዜ እንዲህ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። ሰዎቹ ይህን ሰዓት ለጥገና ይጠቀሙበታል። አንዱ በሳንቃና በሳንቃ መካከል ባለው ስንጥቅ ጥጥ በመዶሻ ይጠቀጥቃል፣ ሌላው ዘይትና ሙጫ ይቀባል፣ ሌላው ሸራ ይሰፋል። ሸራው አሮጌ ጆንያና ድንኳን ተቀጣጥሎ የተሠራ ነው።

እኔ ማንንም ሰላም ከማለቴ በፊት የጀልባዎቹን ሚስማር ማየት ጀመርኩ። ሁሉም ግራጫ። አንድም የሚያብለጨልጭ የለም።

«ሳውቦና ማዳላ! ጀልባ ልትገዛ ነው ወይስ ልትሰርቅ?» አለችኝ ከኋላዬ አንዲት ወፍራም ሴት፣ በዙሉ።

ዶና ሮዛ ትባላለች። ከአጥማጆቹ ዓሣ እየተቀበለች የምትሸጥ ናት። ባሏ ጆሃንስበርግ በማዕድን ሥራ ስለኖረ ቋንቋውን ታውቃለች። አልቤርቶን እንደምፈልግ ነገርኳት።

«አልቤርቶ? ትናንት ዓሣ ሊያመጣልኝ ነበር። ስንጠብቀው ዋልን» አለች።

«ምን ሆኖ ቀረ?»

«እሱን ነፋሱ ነው የሚያውቀው። አንተ ማን ነህ?»

«ከጆሃንስበርግ ነኝ። አብረን እንሠራ ነበር።»

«አንተ ነህ!» ብላ እጆቿን አጨበጨበች። «ባለ ሚስማሩ! እዚህ ያልነገረው ሰው የለም እኮ። ያ ሽማግሌ ባይኖር ጀልባዬ አታልቅም ነበር እያለ።»

ወንድሞቼ፣ ሰው ሰድቦኝ ያውቃል፤ ወርክሾፕ ውስጥ ጥርሴን በቡጢ የመታኝም ነበር። እንደዚያ ምስጋና ግን የመታኝ የለም።

ቀኑን ሙሉ ጥላ ሥር ተቀምጬ ባሕሩን አየሁ። ውሃው ተመለሰ፣ ጀልባዎቹ ተነሥተው ቆሙ፣ ወጡ፣ ሌሎች መጡ። ሸራ ብቅ ባለ ቁጥር እነሣለሁ። ዶና ሮዛ ዓሣዋን እየበለተች ቀና ብላ ታይና «እሱ አይደለም» ትለኛለች። ከዚያ ሁሉ ርቀት እያንዳንዱን ሸራ በእራፊው ታውቀዋለች። የአልቤርቶ ሸራ ላይኛው ጫፉ ላይ ሰማያዊ እራፊ አለው አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ሰማያዊ ስፈልግ ዋልኩ። ባሕሩ ደግሞ ሁሉ ነገሩ ሰማያዊ ነው።

ለሷም ቢሆን ሚስማሩ የተሳሳተ ነው ብዬ አልነገርኳትም።

ሐሙስ፣ በባሕር ላይ

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ዶና ሮዛ ቢላዋዋን አስቀምጣ «ማዳላ፣ ተነሥ» አለችኝ። ሰማያዊው እራፊ መጣ።

አልቤርቶ ውሃው ወገቡ ድረስ ሆኖ እየሮጠ ወጣና አቀፈኝ። ጥቁር ሆኗል፣ ከስቷል፣ ጢሙ ሸብቷል። ሁለት ቀን የዘገየው ነፋስ ስላልነበረ ነው። እንባዬ መጣ፤ የባሕር ውሃ ነው አልኩ። ልጁ ኔሎም መጣ፤ ሃያ አምስት ዓመት የሆነው ጎረምሳ ነው።

አልቤርቶ እጄን ይዞ ወደ አጥማጆቹ ዞረ። «ይሄ ነው! ባለ ሚስማሩ ይሄ ነው!» አላቸው። ሁሉም እየመጡ ጨበጡኝ። ልነግረው አፌን ከፈትኩ። «ቆይ፣ ቆይ» አለ፤ «ውሃው ሳይሸሽ መነሣት አለብን። ደሴቱ ላይ እናወራለን። ሚስቴ ዶሮ ታርድልሃለች።» ዓሣውን አወረዱ፣ ሁለት ጆንያ ሩዝ ጫኑ። ሦስት ጊዜ ልናገር አልኩ። ሦስቱንም ጊዜ ያ ሁሉ ሰው ፈገግ ብሎ ሲያየኝ ምላሴ ታሰረ። ሀፍረት ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም። ብቀር ደግሞ እነሱ ይሄዳሉ። አልቤርቶ በጀርባው አዝሎ ጀልባው ውስጥ አስቀመጠኝ፤ ኔሎ ሻንጣዬን አመጣ። እንደዚያ ሆኜ በገዛ ሚስማሬ በተመታ ጀልባ ወደ ባሕር ወጣሁ።

ጀልባው ርዝመቱ ወደ አሥር እርምጃ ነው። አንድ ምሰሶ፣ አንድ ሸራ፣ ሆዱ ውስጥ ማመዛዘኛ የሚሆን አሸዋ የሞላበት ጆንያ። ነፋስ ሲበረታ ጀልባው ያዘነብላል፤ ያን ጊዜ ሰውም ጆንያውም ነፋሱ ወደሚመጣበት ጎን ይዛወራል። አልቤርቶ መሪውን ይዟል፣ ኔሎ ጆንያ ያዛውራል፣ እኔ ጠርዙን በሁለት እጄ ይዣለሁ።

መጀመሪያ ውሃው ጥልቀት የለውም፤ አሸዋው ከሥር ይታያል። ከዚያ በድንገት ጠቆረ። ነፋሱ ጨመረ። ኔሎ የተቆረጠ ጀሪካን አንሥቶ ከጀልባው ውስጥ ውሃ መቅዳት ጀመረ።

«ይገባል እንዴ?» አልኩት።

«ትንሽ ትንሽ። ሰሞኑን ትጠጣለች» አለ እየሳቀ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የተቀዳው ውሃ ቡናማ ነው። ከሥር ካሉት ሁለት ሳንቃዎች፣ በግራ በኩል፣ ከየሚስማሩ የታጠፈ ጫፍ ሥር ቡናማ እንባ ወርዷል። አውራ ጣቴን ሳንቃው ላይ አድርጌ ጫን አልኩ። ሞገድ ሲመታን ሳንቃው እንደ ላላ ጥርስ ተነቃነቀ። ከዚያ በኋላ ባሕሩን አላየሁም። ያየሁት ያቺን ሳንቃ ብቻ ነው።

«አልቤርቶ!» ብዬ ጮኽኩ።

«አቤት ማዳላ!»

«ሚስማሩ ስህተት ነው! አብለጭላጩን ነው የገዛሁት! ጨው በልቶታል! እየለቀቀ ነው!»

ኔሎ መቅዳቱን አቆመ። አልቤርቶ «ቅዳ!» ብሎ ጮኸበት። ከዚያ እኔን አየኝ።

«ይህን የምትነግረኝ አሁን ነው? እዚህ?»

«አሁን ነው።»

«ዳርቻው ላይ ብትነግረኝ በደረቅ መሬት እሰድብህ ነበር። አሁን ለስድብ ጊዜ የለኝም። የቱ ጋ ነው?»

አሳየሁት። አልቤርቶ ወደ ደሴቱም ወደ ከተማውም አላየም። ሁለቱም ሩቅ ናቸው። ወደ ቀኝ፣ ባሕሩ መሃል ውሃው ፈዘዝ ወዳለበት ቦታ ተመለከተ። እዚያ የአሸዋ ቁልል አለ፤ ውሃ ሲሸሽ ብቅ ይላል፣ ሲመለስ ይሰጥማል። ጀልባዋን ወደዚያ አዞራት። ሸራው ሲገለባበጥ ጀልባዋ ተንቀጠቀጠችና በሳንቃዎቹ መካከል ውሃ እንደ ምንጭ ገባ።

ሹራቤን አውልቄ ስንጥቁ ላይ ጠቀጠቅሁት፤ ከዚያ ተቀምጬ በጀርባዬ ገፋሁት። እግሬን ጆንያው ላይ ደገፍኩ። ውሃው ከወገቤ በታች ቀዝቃዛ ነው፤ ሞገዱ በሳንቃው በኩል አከርካሪዬን ይመታኛል። ዋና አልችልም። የማርታ ስም፣ የአምላክ ስም፣ የእናቴ ስም፣ ያወቅሁትን ሁሉ ጠራሁ። ኔሎ በጀሪካኑ እየቀዳ ያፈሳል፣ እየቀዳ ያፈሳል፤ ትንፋሹ ብቻ ይሰማኛል። ስንት ጊዜ እንደቆየን አላውቅም። በመጨረሻ ከሥራችን አንድ ነገር ሆዷን ፈገፈጋት፤ ጀልባዋ ቆመች። አሸዋ ነው።

የአሸዋው ቁልል ላይ

ውሃው ሸሽቶ ጀልባዋ በቀኝ ጎኗ እስክትጋደም ጠበቅን። አሸዋና ሩዝ አወረድን። አራት ሰዓት ያህል አለን፤ ከዚያ በኋላ ይህ አሸዋ እንደገና ባሕር ይሆናል። ዙሪያችንን ውሃ ነው፤ ሰው የለም፣ ስልክ የለም። አልቤርቶ ፀሐይዋን አየና «የጀልባዋ ጥላ እግሬ ጋ ሲደርስ መጨረስ አለብን» አለ።

ሻንጣዬን ከፈትኩ። ግራጫዎቹን ሲያይ አልቤርቶ አንዱን አንሥቶ ነከሰው።

የተበላውን አልነቀልንም፤ ሳንቃው ይሰነጠቃል። ከየአሮጌው ጎን እኔ እሰረስራለሁ፣ አልቤርቶ ከውጭ ይመታል፣ ኔሎ ከውስጥ የወጣውን ጫፍ አጥፎ ይመታዋል። ከዚያ አልቤርቶ ሁልጊዜ ጀልባዋ ውስጥ ከሚይዘው ጥጥ እየቀደደ ስንጥቁን ይደፍናል።

ግማሽ ላይ ስንደርስ መጠየቅ ነበረብኝና ጠየቅሁት።

«አልቤርቶ፣ ያን ሚስማር ሲደርስህ አላየኸውም?»

«አየሁት።»

«አብለጭላጭ መሆኑን?»

«አየሁ አልኩህ።»

«ታዲያ ለምን መታኸው? አንተ የጀልባ ሠሪ ልጅ!»

ሁለት ሚስማር መታ።

«ማዳላ፣ ከዓመታት በፊት ስለ አንድ ቁምሣጥን ‹ይሄ ጠማማ ነው› ብዬህ ነበር። ትዝ ይልሃል?»

«አይለኝም።»

«ሦስት ሳምንት አላናገርከኝም። ቁምሣጥኑ ጠማማ ነበር። ሚስማሩ ሲመጣ ኔሎ ‹ደውልለት› አለኝ። ስልኩን አነሣሁ። ‹ለኔ ስለ ሚስማር ትነግረኛለህ?› ያልከኝ ጆሮዬ ላይ መጣ። ስልኩን አስቀመጥኩት። ምናልባት ማዳላ የሚያውቀው ነገር ይኖራል አልኩ።» መዶሻውን አወረደና አየኝ። «ባሕርን አውቀዋለሁ። ከባሕሩ ይልቅ የፈራሁት አንተን ነው።»

ልቆጣ ነበር። አልዋሽም። ከዚያ ኔሎን አየሁት። ጀልባው ውስጥ ተንበርክኮ ሚስማሩን እያጠፈ፣ ዓይኑን ከኔ አሽሽቶ፣ ምን እንደምል ይጠብቃል። ያ ልጅ ይህን ሁሉ ወር በዚህ ጀልባ ባሕር ወጥቷል፤ አባቱ እኔን መጠየቅ ስለፈራ።

«መሰርሰሪያውን አቀብለኝ» ብቻ አልኩ።

የመጨረሻዎቹን ስምንት ሚስማሮች የመታነው ውሃው ቁርጭምጭሚታችን፣ ከዚያ ጉልበታችን ላይ ሆኖ ነው። ሩዙንና አሸዋውን መልሰን ጫንን። ጀልባዋ ቀስ ብላ ከጎኗ ተነሣች። ሦስታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ሳንቃዋን እናያለን። ኔሎ እጁን አስገብቶ ዳሰሰ። ጠብ የሚል ውሃ አለ፤ የሚፈስስ ግን የለም።

ደሴቱ የገባነው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። እግሬ ደረቅ መሬት ሲረግጥ ተንበርክኬ አሸዋውን ያዝኩት። የአልቤርቶ ሚስት የታመምኩ መስሏት ውሃ ይዛ ሮጠች።

መልስ

ሁለት ቀን ቆየሁ። ከአልቤርቶ ጋር ጀልባዋ ላይ አብለጭላጭ ሚስማር ያለበትን ቦታ ሁሉ እየዞርን ግራጫውን መታን። ሚስቱ በኮኮናት የሠራችውን ዶሮ በላሁ። ማታ ማታ ሦስታችን ተቀምጠን ስለ አሸዋው አላወራንም። እሑድ ከተማ ሲያሻግሩኝ በዚያችው ጀልባ ነው። ውሃ አልገባም። እኔ ግን መንገዱን በሙሉ እጄን ሳንቃዋ ላይ አድርጌ ነው የሄድኩት፤ አሁንም ስጽፈው ጀርባዬ ይቀዘቅዛል።

ስንለያይ አልቤርቶ አንድ ነገር ሊል አለና ተወው።

«ተናገር» አልኩት።

«መዶሻ ስትይዝ ክርንህን ታወጣለህ። ለዚህ ነው ትከሻህን የሚያምህ። አሥር ዓመት ልነግርህ ፈልጌ ነበር።»

አፌ ሊመልስለት ተዘጋጅቶ ነበር። ዘጋሁት። ትከሻዬን ግን እውነት ነው፣ ያመኛል።

ጠረፉ ላይ ሰልፉ ረጅም ነበር። የሹሟ ጣት በሰነዴ ላይ ሲያመነታ ላቤ ወረደ። ኮምፒዩተሯን አየች፣ እኔን አየች፣ «እንኳን ደህና መጣህ፣ ታታ» ብላ ማኅተሙን መታች፤ አባባ ማለቷ ነው።

ጆሃንስበርግ የገባሁት ማክሰኞ ከሰዓት ነው። ማርታ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ መጥታ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች። ሻንጣዬን ብታነሣው ቀሎ አገኘችው። ቤት ስንደርስ በሩን በትከሻዋ ከፈተችው፣ ገብተን ደግሞ በእግሯ ገፍታ ዘጋችው። እንዲህ ማድረጓን ያን ጊዜ ገና ልብ አልኩ።

«ማርታ፣ እዚህ ቤት ውስጥ እኔ የሠራሁት ሆኖ የተበላሸ ነገር አለ?»

«የለም አባዬ» አለች፤ ፈጥና።

«ማርታ።»

ወደ በሩ ተመለከተች። «በሩ... ወለሉ ላይ ይጎተታል። ሁለት ዓመቱ ነው።»

ለምን አልነገርሽኝም ብዬ አልጠየቅኋትም። መልሱን ከአሸዋው ላይ ይዤው መጥቻለሁ። ጃኬቴን ሳላወልቅ በሩን ከማጠፊያው አውርጄ ወለሉ ላይ አጋደምኩትና መላጊያዬን አመጣሁ። ሁለት ሦስት ጊዜ ስልግ ማርታ አጠገቤ ቆማ ፍቅፋቂውን ታያለች።

«አባዬ፣ የኩሽናው መደርደሪያም...» ብላ አቆመች።

«ቀጥይ» አልኳት።